የመሪጌታ ክንፈ የፊት ጥርስና ሦስቱ የነነዌ ቀናት

መንዝ ደርሰሽ ምን አየሽ ለሚሉኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ያበሽቃቸዋል። የጓሳን ሜዳ አላየሁም። ጭላዳ ዝንጀሮም ያየሁት በመኪና መስኮት ነው፤ ያውም ጀርባውን። አምስት ቀን ሙሉ አብዝቼ ያየሁት የሰው አፍ ነው። መንገዱ ራቀን፣ ብርዱ ከበደን ብላችሁ ለማትሄዱት ያየሁትን ያህል ላጫውታችሁ።

የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ያረጀሁት ግን በማስተማር ነው። ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የጥርስ ሥር ሕክምና አስተምራለሁ። ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ የታመመውን ጥርስ በመንቀል ፈንታ ከፍተን፣ ውስጡ የሞተውን ነርቭ በቀጫጭን ሽቦዎች ጠርገን እናወጣለን፤ ከዚያ ባዶውን ቦይ እስከ ሥሩ ጫፍ እንሞላዋለን። ሽቦዋን ፋይል እንላታለን። ጥርሱ ውስጥ ከገባች በኋላ ዓይን አይከተላትም፤ የት እንደደረሰች የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው። የተማሪ ጣት እስኪያውቅ መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ በትዕግሥት አልታደልኩም። ተማሪ ሲንቀራፈፍብኝ ፋይሉን ከእጁ ወስጄ ራሴ እጨርሰዋለሁ። ከኋላዬ "ጭልፊት" እንደሚሉኝ የሰማሁትም በዚሁ ጉዞ ነው።

ከመሄዳችን ሁለት ሳምንት በፊት ሕይወት የምትባል ተማሪዬ የአንድ ልብስ ሰፊ መንጋጋ ጥርስ እያከመች ነበር። እንደ ልማዴ ከእጇ ነጠቅኳት። ሁለቴ ሳላዞረው ፋይሉ የሥሩን ግድግዳ በስቶ ወጣ። ደሙን ሳይ ወዲያው ገባኝ። ሕይወት ግን ቀድማ እሷ የበሳችው መሰላትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አላረምኳትም። ታካሚው የእሷ ስለሆነ መዝገቡ ላይ በስሟ ተጻፈ፤ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ፋይል ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ለመመረቅ የቀራት አንድ የሥር ሕክምና ብቻ ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመምህር እጅ ሳይነካው ልትሠራው ይገባል። ካልሆነላት ዓመቱን ትደግማለች። ለሕክምና ወደ መንዝ ስንወጣ ይዣት የሄድኩት እዚያ ትጨርሳለች ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ባየኋት ቁጥር እያፈርኩ መኖር ስላቃተኝ ነው።

እሑድ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ሾፌራችን ጋሽ መንገሻ ሲሆኑ ተማሪዎቼ ሦስት ናቸው፦ ሕይወት፣ ወሬ የማያልቅበት ዮናስና ዝምተኛው ከድር። ከድር የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው፤ ሙቀት ለምዶ ያደገ። ደብረ ብርሃን ገና ስንገባ ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ። ዮናስ "ሂሳብ ሳታስከፍል የራስህን ጥርስ ፈጨኸው" ሲለው፣ መኪናው ውስጥ ያልሳቀችው ሕይወት ብቻ ነበረች።

ጣርማ በር ላይ የመኪናው ዋሻ ጋ ከመድረሳችን በፊት አስፋልቱን ትተን ወደ መንዝ ታጠፍን። ከዚያ በኋላ ያለው ኮረኮንች ነው። በእኛ ሰፈር መንገድ ተበላሸ ሲባል ጉድጓድ አለው ማለት ነው፤ እዚህ ግን ጉድጓዱ ነው መንገድ ያለው። መዘዞ ከተማን አልፈን ብዙም ሳንሄድ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ጋሽ መንገሻ ክሪኩን ፈልገው ፈልገው አጡት፤ ሌላው መኪና ላይ ረስተውት ኖሯል። በርኖስ የደረቡ ሁለት ገበሬዎች ከማሳቸው መጡና ምንም ሳይጠይቁን አንድ ወፍራም ግንድ አመጡ። መኪናውን በግንዱ ፈንቅለው ከሥሩ ድንጋይ ደረደሩ። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ እየነፋ ያሳብደን ነበር። ሲጨርሱ ለማመስገን እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት አንደኛው ሰውዬ ቅር አላቸው፤ ይልቅ የያዙትን የገብስ ቆሎ በእፍኛቸው ለእያንዳንዳችን አደሉን።

መድረሻችን ሞላሌ ከተማ የገባነው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያረፍንበት ቤት ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ ይባላሉ፤ ቤታቸው የድንጋይ ግድግዳ ያለው፣ አራት ክፍል ያለው ማረፊያ ነው። በግ አሳርደው ጠበቁን። ጥብሱ ሲያልቅ ወጡ መጣ፣ ወጡ ሲያልቅ ቅቅሉ መጣ። በቃን ስንል "ብሉ፣ ዛሬ ብሉ" እያሉ አላስነሣ አሉን። እኔ እንግዳ አክባሪነታቸው መስሎኝ እየተደሰትኩ በላሁ። ለካስ ሴትዮዋ የሚያውቁትን ነው የሚያውቁት።

ሰኞ

በማግስቱ ቁርስ የለም። ሻይም የለም። የምናክምበት ጤና ጣቢያ ስንደርስ ደግሞ ሰው የለም። ኃላፊዋ ሲስተር አበበች ብቻቸውን በር ላይ ቆመዋል። ሕዝቡ የት ሄደ ብዬ ስጠይቃቸው ግራ ተጋብተው አዩኝ። ለካ ጾመ ነነዌ ገብቷል።

ነነዌ ቀኗ ከዓመት ዓመት ይቀያየራል፤ ከዐቢይ ጾም ቀደም ብላ ትገባና ከሰኞ እስከ ረቡዕ ትጾማለች። መንዝ ላይ በእነዚያ ሦስት ቀናት ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም። እኔ ደግሞ የሕክምናውን ቀን ስቆርጥ ያየሁት የትምህርት ቤቱን ፕሮግራም ብቻ ነው። ጥርስ ለማከም፣ ሰው አፉን በሚዘጋበት ቀን! ለምን ደብዳቤ ጽፈው እንዳልነገሩኝ ሲስተር አበበችን ጠየቅኳቸው። ጥርስ ሥራ የሚፈታበትን ጊዜ አስቤ የመረጥኩት መስሏቸው በብልሃቴ ተገርመው እንደነበር ነገሩኝ። ጋሽ መንገሻም ያውቁ ኖሯል። "ሐኪም ያላወቀውን እኔ ሾፌሩ ላውቅ ነው?" አሉ።

ከድር ሙስሊም ስለሆነ ጾሙ አይመለከተውም፤ እሱ ግን ጓደኞቹ ሳይበሉ አልበላም ብሎ ተቀመጠ። እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ሲሰሙ ትኩስ ወተት በፔርሙስ ይዘው እስከ ጤና ጣቢያ መጡ። "በእኛ ጾም አንተ ለምን ትንቀጠቀጣለህ" ብለው እስኪጨርስ ከአጠገቡ አልተነሡም። እኔ ደግሞ፣ አልዋሻችሁም፣ ሻንጣዬ ውስጥ ያለውን ብስኩት እያሰብኩ ዋልኩ፤ ላወጣው ስል ግን የሚያዩኝ ዓይኖች ብዙ ነበሩ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ከቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ መጣ። አብዛኛው ንቀሉልኝ ባይ ነው። ዮናስና ከድር መንቀሉን ተያያዙት። መሪጌታ ክንፈ የመጡት ያኔ ነው፤ ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ የዜማ መምህር ናቸው። ከዓመታት በፊት በቅሎ ጥላቸው የተመታው የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ጠቁሯል፤ አሁን ድዱ አብጦ ከንፈራቸውን ገፍቶታል። መነቀል አለበት ስለተባሉ ወራት ሙሉ ሲሸሹ ኖረዋል። የፊት ጥርስ ከሌለ አየሩ ያመልጥና ፊደሉ ይሰበራል፤ የተሰበረውን የሰማ ተማሪ ደግሞ እሱኑ ይይዛል አሉኝ። የሚያስተምሩት በቃላቸው ስለሆነ ተማሪው የሚቀዳው ከአፋቸው ብቻ ነው። ማስተማሬን አቆማለሁ እንጂ አበላሽቼ አላስተምርም ብለው ቆርጠዋል።

ሳይነቀል ሊድን እንደሚችል ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። የምትሠራው እሷ ናት ብዬ ሕይወትን ሳሳያቸው ደግሞ እሷን አዩ። ሕይወት ደነገጠች። አንድ ሥር ያለው፣ ቀጥ ያለ የፊት ጥርስ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሊገጥማት አይችልም።

ማሽናችን የሚሠራው በጄነሬተር ነው፤ መብራታችን ግን መንገድ ላይ ተሰብሯል። ስለዚህ ወንበሩን ወደ በሩ አዙረን በፀሐይ ብርሃን ሠራን። በአፋቸው ላይ የጎማ ሽፋን ወጥረን ጥርሱ ብቻ ብቅ እንዲል አደረግን። ሕይወት ስትከፍተው መግሉ ወጣ። መሪጌታ በአፍንጫቸው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ወራት የያዛቸው ሕመም በዚያች ቅጽበት ነው የለቀቃቸው። መድኃኒት አድርጋ ዘጋችው። ለነገ በጠዋት እንዲመጡ ዮናስ ለመናቸው፤ ጎማው ስላለ ውሃው ወደ አፍዎ አይገባም፣ ጾምዎን አይነካም ብሎ። "ልጄ፣ ጾሜን ከጎማ ጋር አላደራድርም" አሉትና መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

ማክሰኞ

ሌሊቱን የመንዝ ባና ለብሼ ነው የተኛሁት፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ አንድ ሰው የተኛብኝ ያህል የሚከብድ ብርድ ልብስ ነው። ቤቴ ያለው ብርድ ልብስ ለዓይን ነው እንጂ ለብርድ እንዳልተሠራ የገባኝ እዚያ ነው። ጠዋት ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ በስሱ በረዶ ሠርቷል። የሥሩን ርዝመት የምትለካልን ትንሽ መሣሪያም በብርዱ ባትሪዋ ሞቶ አደረ። የቀረን ጣት ብቻ ነው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ መሪጌታ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ዮናስ ምራቅ መምጠጫውን ያዘ፣ ከድር ጄነሬተሩን ይጠብቃል። ሕይወት ፋይሉን አስገብታ ጥቂት እንደሄደች ሽቦው ከጫፉ በፊት ቆመ። ገፋ አደረገችው፤ እምቢ አለ። ተማሪ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በኃይል ከገፋ ግድግዳውን ይበሳል። ከተወው ደግሞ መግሉ ጫፉ ላይ ይቀርና ጥርሱ ዞሮ ዞሮ ይነቀላል። መውጫው ወደ ቀጭኑ ፋይል ተመልሶ፣ ጫፏን ጥቂት አጉብጦ፣ እየዳሰሱ መንገዱን መፈለግ ነው። ይህንን ታውቃለች፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እጇ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የእኔ እጅ ተነሣ። ሳላስበው ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ስትነሣ የኖረች እጅ ናት። በዚያች ቅጽበት መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው በእኔና በሕይወት መካከል አጋደሙት። አፋቸው በጎማ ስለተሸፈነ መናገር አይችሉም። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነው።

ሕይወት ወደ እኔ ሳትዞር "ዶክተር፣ እርስዎ ይጨርሱት። እንደዚያ ቀን እበሳዋለሁ" አለች።

ብቀበላት ጥርሱ ይድናል፤ ሕይወት ግን ዓመቱን ትደግማለች። እሱ ብቻ ቢሆን ደግሞ መልካም። እድሜ ልኳን በእጇ ሳታምን ትኖራለች፤ ያውም ባላጠፋችው።

"ያን ቀን የበሳሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "ከእጅሽ ስቀበልሽ ደህና ነበር። እኔ ካዞርኩት በኋላ ነው የደማው። ያኔውኑ አውቄአለሁ።"

ሕይወት ቀስ ብላ ዞረች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ያየሁባት ንዴት ነው፤ ፊቷን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"እባክዎ ውጭ ይጠብቁኝ" አለችኝ።

ተማሪ ከክፍል ሲያስወጣኝ የመጀመሪያዬ ነው። ወጥቼ ግድግዳው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ መንገሻ ምንም ሳይጠይቁ ጋቢያቸውን ጣል አደረጉብኝና ከጎኔ ተቀመጡ። ነፋሱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ብርሃኑ ከሄደ ሥራው ሳያልቅ ሊቋረጥ ነው። ሦስት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ስንቱን ተማሪ እንዲህ ውጭ እንደተቀመጠ ሰው አድርጌ ክፍል ውስጥ እንዳቆምኩት ሳስበው አፈርኩ።

ከሰዓት በላይ ቆይቶ ዮናስ በሩ ላይ ብቅ አለ። "ደረሰች" አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ዮናስ እንዲህ በአንድ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

መሪጌታ ሲወጡ አጠገቤ ቆሙ። መቋሚያውን ስላጋደሙብኝ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ከዚያ የራሳቸውን ነገር አጫወቱኝ። ተማሪያቸው ዜማው ሲጠፋው ወዲያው ሊቀበሉት እንደሚችሉ፣ ልባቸውም እንደሚቸኩል ነገሩኝ። "ከተቀበልኩት ግን ማኅሌት ላይ ለብቻው ሲቆም ዞሮ እኔን ይፈልጋል። ስለዚህ አፌን ይዤ እቆያለሁ። እኔን የሚከብደኝ ማስተማሩ አይደለም፤ መቆየቱ ነው።" ዛሬ ደግሞ አፋቸውን የያዝንላቸው እኛ እንደሆንን አስታውሰው ሳቁ። የሰውዬው ሳቅ ደስ ሲል!

ማታ ገበታ ላይ ሕይወት አላናገረችኝም። እትዬ ጥሩወርቅ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አዩና የቀረቡትን ሳህኖች አነሡ። በአንድ ሳህን ሽሮና ጎመን አቅርበው እኔና ሕይወትን ፊት ለፊት አስቀመጡን። እሳቸው ቤት የተኳረፈ ሰው ለየብቻ አይበላም አሉ። ሳህኑ ሲጋመስ ሕይወት ጎመኑን በጣቷ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። ሽሮ እንዳልወድ ታውቃለች።

ረቡዕ

ዛሬ ሙሌቱ ነው። እሷ ሳትለኝ እኔው ከበሩ ውጭ ቆምኩ። ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ። ከጥርሱ ውስጥ ያወጣችውን የማድረቂያ ወረቀት አሳየችኝ፤ ደረቅ ነው፣ ሽታም የለውም። አየሁት፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ጎማ መሰሉን መሙያ ከቦዩ ልክ አድርጋ አስገባችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም ብል ውሸት ነው፤ እየተንቀጠቀጠም ግን አላቆመችም።

መሪጌታ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። በለሆሳስ አንዲት ሐረግ አዜሙ፤ አቆሙ፤ ደገሙ። የፊት ጥርሱን የምትነካዋን ፊደል ደጋግመው ሞከሯት። ከዚያ ለሕይወት ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። ልጅቷ ግራ ገብቷት እሷም ጎንበስ አለች፤ ግንባራቸው ሊጋጭ ምንም አልቀረው።

ማታ የሕክምናውን ቅጽ አመጣችልኝ። ፈረምኩ። ሳመሰግናት አንገቷን ደፍታ ወረቀቱን ተቀበለችኝ።

ሐሙስ

ጾሙ ተፈታ። እትዬ ጥሩወርቅ በቅቤ የራሰ የገብስ ቂጣ አቅርበው፣ የሦስት ቀኑን ዕዳ በአንድ ቁርስ ካልከፈልኩ ብለው ያዙን። ለከድር ከባናቸው አንዱን ጠቅልለው ሰጡት። አይሆንም ቢላቸው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ባትፈልገው ለእናትህ ስጣት አሉትና መኪናው ውስጥ ወረወሩት።

ስንመለስ ጣርማ በር ላይ ጋሽ መንገሻ ፍሬን ያዙ፤ ሞተሩ ይረፍ ብለው። ሌሎቹ ቁልቁል ቆላውን ሊያዩ ወረዱ። እኔና ሕይወት መኪናው ውስጥ ቀረን። ሰኞ ሥራ ስገባ መጀመሪያ መዝገቡን እንደማርመው፣ ስሟን ሰርዤ የራሴን እንደምጽፍ፣ ለኃላፊዎቹም በራሴ አፍ እንደምናገር ነገርኳት። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነው፤ ሸክሜ ቀለለኝ።

ሕይወት እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ልብስ ሰፊውስ?" አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የእሷን ስምና የእኔን ስም ስመዝን ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላሉኝም። ጥርሳቸውን ጊዜያዊ ክዳን አድርገንላቸው፣ ይነቀላል ተብለው ቀጠሮ ይዘው ነው የሄዱት።

"የተበሳውን መድፈን ይቻላል፤ ራስዎ ነዎት ያስተማሩን" አለች። "ስልካቸውን ከካርዳቸው ላይ ይዤዋለሁ። ሳይነቀሉ እንድረስባቸው።"

ደብረ ብርሃን ኔትወርክ ስናገኝ ደወለችላቸው። ገና አልተነቀሉም፤ ቀጠሯቸው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት መዝገቡን አርሜ ለኃላፊዎቹ ተናገርኩ፤ ልብስ ሰፊው ከሰዓት መጡ፤ በሥራ ልብሳቸው፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ። መጀመሪያ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና የትኛችን ልንሠራላቸው እንደሆነ ጠየቁ።

"እሷ" አልኳቸው።

ወንበሩ ላይ ወጡ፣ አፋቸውንም ከፈቱ። ሕይወት ጓንቷን አጠለቀች። እኔ በሌላኛው በኩል ዞሬ ምራቅ መምጠጫውን ያዝኩላት።